ከአስር አምስት

ጎተንበርግ፥ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ እየሩስ፥

ክረምቱን አሻግሮ አዲሱን ዓመት ላሳየን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። አንቺ እንደምን ነሽ? እናትሽ በዛብሽስ ደህና ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመመኝ ሃያ ስምንት ዓመት ነቀምቴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ቆሜ ስለሠራሁ ነው፤ ልጄ ግን የስዊድን ብርድ ነው እያለች ካልሲ ትገዛልኛለች።

ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ስልክ ላይ በጣት የሚለቀም ፊደል ለእኔ ደብዳቤ አይባልም። አንቺም በእጅሽ ጻፊልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዛብሽ እንደነገረችኝ ከማዋለጃ ክፍል ለቀሽ እዚያ ቤት ተቀጥረሻል። እዚያ ቤት የምለው ስሙን መጻፍ ስለከበደኝ ነው። በነርስነት የተመረቅሽ ጊዜ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ለማውቃቸው ሁሉ ፎቶሽን አሳይቻለሁ። አሁን ሲጠይቁኝ "ሆስፒታል ናት" እላለሁ፤ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ውሸት አስጀመርሽኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው የሰካራም ሱሪ ለመለወጥ ነው? ያበደ ሰው ሲሰድብሽ ለመዋል ነው?

የክርስትና ልጄን ራጉኤልን እንደ ምሳሌ ውሰጂ። አንቺ አላየሽውም፤ አርጆ ነው ያደገው። አባቱ ነብዩ፥ ነፍሱን ይማርና፥ ከእኔ ጋር መዝገብ ቤት የሠራ ወዳጄ ነበር። ልጁ ዛሬ ዲጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል፤ የትምህርት ክፍሉም ኃላፊ ነው። በየበዓሉ መልካም ምኞት ይጽፍልኛል። ሁልጊዜ ደህና ነው፤ አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም። ስለ እሱ ስናገር አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

እስከ ገና ሌላ ሥራ ፈልጊ። እስከዚያው የት እንደምትሠሪ ለሰው አታውሪ።

እመቤታችን በሄድሽበት ትከተልሽ።

አጎትሽ ዓምደሚካኤል


ነቀምቴ፥ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ኤሱማ፥

ኤሱማ ስልዎት እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ነገር ግን ነቀምቴ ተወልጄ የእናቴን ወንድም ሌላ ምን ልበል? ጤናዎ እንዴት ነው? ካልሲውን ያድርጉ፤ ልጅዎ ልክ ናት። እማዬ ደህና ናት፤ ጉንጭዎን ትስማለች፤ የነገረችብኝም እሷ መሆኗን አምናለች።

ደብዳቤዎ አስከፋኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ አሁን ደግሞ ልነግርዎት ተነሳሁ። የሰፈሩ ሰው ቤታችንን "መነ መራታ" ይለዋል፤ የእብድ ቤት ማለቱ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ በሩ ድረስ አይመጡም፤ ጥግ ላይ ያወርዱናል። ሃያ አራት አልጋ አለን። ግማሹ በአረቄና በጫት፥ ግማሹ በአእምሮ ሕመም የገባ ነው፤ ሁለቱም ያለበት ደግሞ ብዙ ነው። ሥራዬ መርፌ መውጋት፥ ኪኒን ማዋጥ፥ አፍ አስከፍቶ ከምላስ ሥር አለመደበቁን ማየት፥ ማጠብ፥ ማብላትና አጠገባቸው መቀመጥ ነው። አዎ፥ ሱሪም እለውጣለሁ።

አንድ የምወደው ሥራ አለ። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ታካሚ በደብተር አንድ መስመር ይጽፋል። የፈለገውን ይጻፍ፤ እኛ የምናየው እጁን ነው። አረቄ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። በሦስተኛው ቀን ፊደሉ መስመሩን ዘሎ ይወጣል፤ በአሥረኛው ቀን ይረጋጋል። ሲስተር ሌንሳ፥ አለቃችን፥ ደብተሩን ገልጣ ብቻ ኪኒን ትቀንሳለች።

አሁን የሚያስቅዎትን ልንገርዎ። አንድ መምህር አለን። ያለ ኮት ቁርስ አይበላም። በገባ በሳምንቱ የሁሉንም ደብተር ሰብስቦ በቀይ እስክሪብቶ ያርም ጀመር! "ዓረፍተ ነገሩ አልተቋጨም" እያለ፥ ከአስር እየሰጠ። አንዱ "ዛሬም እናቴ አልመጣችም" ብሎ ቢጽፍ "እውነት ነው፤ ግን አራት ነጥብ ረስተሃል" ብሎ ስምንት ሰጠው። ኦቦ ዋቅወያ የሚባሉ ከኡኬ የመጡ ገበሬ አሉ፤ መጻፍ ስለማይችሉ በየቀኑ የበሬ ቀንድ ይሥላሉ። ለእሳቸው ሁልጊዜ አስር ከአስር ነው። ኦቦ ዋቅወያም ውጤታቸውን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ።

ይኸው መምህር ግን በሦስተኛ ቀኑ የሠራን ሥራ! በር ላይ የምናስቀምጠውን ሳኒታይዘር ከነዕቃው አንስቶ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ጠጣው። ወጥቶ ኮቱን አስተካክሎ "ሲስተር፥ እጃችሁን የምትታጠቡበት ይህ ነገር ጥራቱ ወርዷል" አለኝ። ሆዱን እያጠብን እንኳ ሳቃችን አልቆም አለ። ሰውየው በዘርዐ ብሩክ ስም ነው የተመዘገበ። እንዲህ ያለ ስም ነቀምቴ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ፈጥሮት ይሆናል። እዚህ መታወቂያ ስለማንጠይቅ ብዙው የሐሰት ስም ነው የሚሰጥ። ለእርስዎ ብጽፈው ምን ክፋት አለው? ስዊድን ተቀምጠው ማንን ሊያውቁ!

ስለዚህ ኤሱማ፥ ገና ድረስም፥ ከገና ወዲያም እዚሁ ነኝ። ለወዳጆችዎ የፈለጉትን ይንገሯቸው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እየሩስ


ጎተንበርግ፥ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፥

ዘርዐ ብሩክ ያልሽው ሰው ግራ ቅንድቡ ላይ የተሰፋ ጠባሳ አለው? ዕድሜው ስንት ይሆናል? ምን እንደሚያስተምር ተናግሯል? መቼ ገባ? ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሰዎች ከብበውኝ ነበር፤ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ አቆምኩ።

ዛሬውኑ መልሺልኝ። ለእናትሽ አታሳዪ።

ዓምደሚካኤል


ነቀምቴ፥ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማ፥

እንደምን አሉ? ጥያቄዎን ሳነብ ግራ ገባኝ። አዎ፥ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ብሎ ነው የተመዘገበ። የሚያስተምረው አማርኛ ነው። የገባው መስከረም 28 ቀን ነው። ግን እርስዎ ጠባሳውን ከየት

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆየሁ። አሁን ነው የገባኝ፤ ሰውየው የእርስዎ ራጉኤል ነው። ዘርዐ ብሩክ የክርስትና ስሙ ነው፤ አይደለም? የሐሰት ስም አይደለም። ከእናት ከአባቱና ካጠመቀው ቄስ ሌላ የሚያውቀው የክርስትና አባቱ ብቻ ነው። እሱም እርስዎ ነዎት።

ኤሱማ፥ እለምንዎታለሁ። ስለ ታካሚ ውጭ ላላወራ ፈርሜ ነው እዚህ ቤት የገባሁት። ስሙን ስጽፍልዎት የሰው ስም የጻፍኩ አልመሰለኝም፤ ጨዋታ የጻፍኩ መሰለኝ። አያናግሩት። እሱ ካልነገረዎት አያውቁም ማለት ነው። እጁ ገና አሁን መርጋቱ ነው፤ አርባ አምስት ቀን ሊቆይ ቃል ገብቷል፤ ግማሹን አልፏል። ስልካቸውን የምንሰጣቸው ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ምንም ነገር እንዳይልኩለት።

ይህን ጽፌ ሳበቃ ኔትወርክ ጠፍቷል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ደጋግሜ እሞክራለሁ።

እየሩስ


ነቀምቴ፥ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ዓምደሚካኤል፥

ከላይ ያለው ደብዳቤ ዛሬ ነው የሄደልዎት። ኔትወርኩ የተመለሰው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር፤ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ከቤት ቀርቷል። ስለዚህ የእርስዎ መልእክት ቀደመ።

ምን እንደጻፉለት አውቃለሁ፤ እሱ ራሱ አሳየኝ። "ዘርዐ ብሩክ ሆይ፥ በእግዚአብሔር ፊት የተቀበልኩልህን ስም ለሰካራም መዝገብ አዋልከው። የእጅ መታጠቢያውንም ጠጣህ አሉ። ነብዩ እንኳን ሞተ፤ ይህን አላየ።" ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን እኔ ነኝ በእጄ የሰጠሁት፤ እየሳቅሁ፥ "ዛሬ ማን ናፈቀዎ?" ብዬ። አነበበ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረልኝና እስክጨርስ ጠበቀ። "አጎቴ ናቸው፤ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ" አልኩት።

"ሲጽፉላቸው ይስቁ ነበር?" አለኝ። ሁሌ አንቱ ነው የሚለኝ።

ስስቅ ነበርና ምን ልበል?

ሲስተር ሌንሳ አንድ ሰዓት ሙሉ ለመነችው። በፈቃዱ የገባን ሰው ማሰር አንችልም። ኮቱን ለብሶ፥ ቀይ እስክሪብቶውን በደረት ኪሱ ሰክቶ ወጣ። ኦቦ ዋቅወያ በር ድረስ "በርሲሳ! በርሲሳ!" እያሉ ተከተሉት፤ መምህር ማለታቸው ነው። አልዞረም። የዚያን ቀን ጠዋት የጻፈውን መስመር አሁን ነው ያየሁት። "ዛሬ እጄ አልተንቀጠቀጠም።" ፊደሉ መስመሩን አልሳተም።

ለሲስተር ሌንሳ ሁሉን ተናግሬያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ማታ እንቅልፍ ስለነሳኝ ራሴ ነገርኳት። ከታካሚ አንስታ ካርድ ክፍል አስቀመጠችኝ። አላባረረችኝም፤ ብታባርረኝ ይቀለኝ ነበር። አፈርኩ፥ ኤሱማ። በእርስዎም በጣም ተቆጥቻለሁ፤ ግን ስሙን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እየሩስ


ነቀምቴ፥ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማ፥

ስምንት ቀን ሆነ፤ ዝም አሉኝ። ደህና ነዎት ወይ?

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ዲጋ ሄጄ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የሕመም ፈቃድ ላይ ነው አለችኝ። ምን አመመው ብላ ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኩ። በምንም ጉዳይ ስለ እሱ አፌን ለመክፈት አሁን እፈራለሁ። የቤት አከራዩ ከወር በላይ አላየሁትም አሉ። በሩን ከፍተውልኝ ሳይሆን በመስኮት ነው ያየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተር ተከምሯል፤ አልጋው ተነጥፏል።

መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ባየሁ ቁጥር ከሚኒባሱ ልወርድ እነሳለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ አቋርጦ ወደ አረቄ የተመለሰ ሰው ከበፊቱ ይብስበታል፤ እንደገና በድንገት ሲያቆም ደግሞ ሊሞት ይችላል። ይህን ሳልደብቅ የምነግርዎት እንዲያውቁት ብዬ ነው።

አንድ ነገር ይላኩልኝ። መልእክት አይደለም፤ ደብዳቤ። ለእሱ የተጻፈ። ካገኘሁት ባዶ እጄን ፊቱ መቆም አልችልም።

እየሩስ


ጎተንበርግ፥ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ እየሩስ፥

እንደምን ሰነበትሽ? ዝም ያልኩት ታምሜ ነው። ጉልበቴ አይደለም፤ ሌላ ነው፤ ሐኪም የሚያየው አይደለም።

ያንን ልጅ በአርባ ቀኑ አርጆ ላይ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አባቴ የመጣው ከጻድቁ አገር ከግሽ ዓባይ በኩል ነበርና "ዘርዐ ብሩክ በሉልኝ" ብዬ ቄሱን ለመንኩ። ወለጋ ውስጥ በዚህ ስም ሌላ ሰው አላውቅም። ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ በእሱ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ በእሱ ፈንታ አመንኩ። አፍ ስለሌለው አፍ ሆንኩለት። ስሙን በደብዳቤሽ ሳነብ የካድኩት ሰይጣን ተመልሶ የመጣብኝ መሰለኝ፤ የጻፍኩለትም በዚያ ንዴት ነው። አንቺም ጥፋትሽን ስላመንሽ የእኔን አልዘረዝርም።

ለራጉኤል የጻፍኩትን አያይዣለሁ። አሳትመሽ በወረቀት ስጪው። እዚህ ስለ እሱ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ ደህና ነው እያልኩ ነው። በዛብሽ አትስማ። ልጁ በሕይወት መኖሩን ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


(አባሪ)

ለተከበርክ የክርስትና ልጄ ለመምህር ራጉኤል ነብዩ፥

የአምላካችን ቸርነት ከአንተ ጋር ይሁን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ጊዜ በትካዜ ሆኜ የጻፍኩልህ አጭር ቃል ሳያስከፋህ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ሰው ነንና እንዲህ ያለ ነገር በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። አንተም ብትሆን ያ ነገር ገጥሞህ እንደሆነ በጊዜው ብታሳውቀኝ መልካም ነበር። ትዝ ይልህ እንደሆነ ከሁለት ዓመት በፊት ደውለህልኝ ነበር፤ ሆኖም ሳንግባባ ተለያየን። አባትህ ነብዩ ደግ ሰው ነበር። አንተም የእሱ ልጅ ነህና ወደ ተጀመረው ሕክምና እንድትመለስ በአባትነቴ አሳስብሃለሁ። ያለፈው አልፏል።

በጸሎቴ የማልረሳህ፥ የክርስትና አባትህ ዓምደሚካኤል


ነቀምቴ፥ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ኤሱማ፥

ይቀመጡ። በሕይወት አለ።

ያገኙት ኦቦ ዋቅወያ ናቸው። ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ ኡኬ ከተመለሱ ሳምንት አልሆናቸውም ነበር። የገበያ ቀን በሬያቸውን ሸጠው ሲመለሱ አንድ አረቄ ቤት ደጃፍ ኮት የለበሰ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አዩ። ኮቱን ነው መጀመሪያ የለዩት። እሳቸው ራሳቸው ከዚያ ደጃፍ እንዳይደርሱ መንገድ ለውጠው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ግን ገብተው እጁን ያዙና "ኮቱ፥ በርሲሳ" አሉት፤ በኦሮምኛ ና፥ መምህር ማለታቸው ነው። ቤታቸው ወስደው አስተኙት፤ ልጃቸው ስልክ ደወለችልን።

ሲስተር ሌንሳ ካርድ ክፍል መጥታ "ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺም ትመጫለሽ" አለችኝ። መኪና ውስጥ ኡኬ እስክንደርስ አላናገረችኝም። ስንገባ ኦቦ ዋቅወያ ራሱን ደግፈው በማንኪያ ወተት እያጠጡት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ወተቱ ኮቱ ላይ ፈሷል። እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኦቦ ዋቅወያ ግን ለእኔ "ሂንሶዳቲን" አሉኝ፤ አትፍሪ። ከሁሉ ይልቅ የፈራሁት እኔ እንደሆንኩ በምን አወቁ?

ነቀምቴ ስንደርስ መዝገቡ የሚጻፈው ካርድ ክፍል ነው፤ ካርድ ክፍል ደግሞ እኔ ነኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት።

"ስም?" አልኩ።

"ያውቁታል" አለኝ።

"መጠየቅ አለብኝ።"

በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተ። "ራጉኤል ነብዩ። ሙያ መምህር። አድራሻ ዲጋ። ሁሉንም ይጻፉት። የደበቅሁት ስም ምን እንዳመጣልኝ አይተዋል" አለ። ጻፍኩ።

ከዚያ አምስት ቀን ከባድ ነበር፤ እሱን አልጽፍልዎትም፤ ከአሁን በኋላ ስለ እሱ ሕመም ምንም ነገር ከእኔ አይሰሙም። የምጽፍልዎት ራሱ ይጻፉላቸው ያለኝን ብቻ ነው።

በሰባተኛው ቀን አልጋው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ያንን ደብዳቤ ያሳዩኝ" አለኝ። የትኛውን ብዬ አልጠየቅሁትም። የጥቅምት 14ቱን ከስልኬ ከፍቼ ሰጠሁት። ስለ ሳኒታይዘሩ፥ "ሳቃችን አልቆም አለ" እስከሚለው፥ እስከ መጨረሻው አነበበው። ቀይ እስክሪብቶው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አልነካውም። ሁሉን የሚያርም ሰው ምንም ሳያርም ስልኬን ሲመልስልኝ ምነው ዜሮ በሰጠኝ አልኩ። እስካሁን ምንም አላለኝም። ጠዋት ጠዋት "ደህና አደሩ" ይለኛል፤ እኔም በዚያ ላይ እየኖርኩ ነው።

የእርስዎን ደብዳቤ ከኮምፒዩተር ቤት አሳትሜ ሰጠሁት። "ይደር" አለኝ። ጠዋት መለሰልኝና "እንዳለ ይላኩላቸው" አለኝ። ፎቶውን አያይዣለሁ፤ ነገር ግን በስልክ ቀዩ ደብዘዝ ስለሚል እኔም እገለብጥልዎታለሁ።

"አጭር ቃል" ያሉት ላይ አስምሮ፦ አጭር አይደለም። ሃያ ስድስት ቀን ነው።

"እንዲህ ያለ ነገር" እና "ያ ነገር" ያሉትን ሁለቱንም ከቦ፦ የምን ነገር? በስሙ ይጠራ።

"ሳንግባባ ተለያየን" የሚለው ሥር፦ ስልኩን ማን ዘጋው?

"አባትህ ነብዩ ደግ ሰው ነበር" የሚለው ላይ የትክክል ምልክት አድርጎበታል።

"ያለፈው አልፏል" የሚለውን ሰርዞታል።

ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ የእጅ ጽሑፍ በጣም ጥሩ። ዋናው ቃል ግን የለበትም። 5/10። ተሻሽሎ ይቅረብ።

ኤሱማ፥ ተቀይመው እንዳይተዉት። ይህ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ደብተር አያርምም፤ እኔ አውቃለሁ። የስልኩን ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እርስዎንም አልጠይቅም። ስልኩ የሚሰጠው አሁንም ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ነው።

አክባሪዎ እየሩስ


ጎተንበርግ፥ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፥ ይህን አሳትመሽ ስጪልኝ። ከመስጠትሽ በፊት አንብቢው፤ በዛብሽም ታንብበው። እዚህ የሚጠይቁኝንም ደህና አይደለም፥ ሕክምና ላይ ነው ብያቸዋለሁ። አንቺም የት እንደምትሠሪ ነግሬያቸዋለሁ።


ለመምህር ራጉኤል ነብዩ፥

ልጄ፥ በታዘዝኩት መሠረት አሻሽዬ አቅርቤአለሁ።

አባትህ በሞተ በአርባኛው ቀን፥ ተዝካሩን ካወጣህ በኋላ፥ ከአርጆ ደወልክልኝ። ሰክረህ ነበር። እያለቀስክ "አባባ፥ አረቄ ሊገድለኝ ነው፤ ምን ላድርግ?" አልከኝ። ቤቴ እንግዶች ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። ድምፅህ ከስልኩ ወጥቶ እንዳይሰማቸው ዘጋሁት። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ "ቁጥር ተሳስቶ ነው" አልኩ።

በማግሥቱም አልደወልኩልህም። "ሁለተኛ ጠጥተህ እንዳትደውልልኝ" ብዬ ጻፍኩልህ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ደህና ነኝ አልከኝ፤ እኔም አመንኩህ፤ ማመኑ ስለተመቸኝ ነው። እየሩስን በሥራዋ ያሳፈርኳት፥ አንተን በስምህ ያሳፈርኩህ፥ ራሴ የማፍርበትን ስለማውቅ ነው። ሕፃን ሳለህ አፍ ሆንኩልህ፤ አፍ አውጥተህ ስትጠራኝ ግን ጆሮ ነሳሁህ።

ይቅርታ አድርግልኝ።

ውጤቱን አትጻፍልኝ። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሰው ቢኖርም ባይኖርም አነሳዋለሁ። ቅዳሜ ካልሆነልህ በሌላ ቀን። ደውልልኝ። ጠጥተህም ቢሆን ደውልልኝ።

የክርስትና አባትህ ዓምደሚካኤል